የአሥራ አንድ ፎቶ ዕዳ፦ ከለቡ እስከ ጀጎል

በ2011 ዓ.ም. ድሬዳዋና ሐረር ሄጄ ያነሳኋቸውን ሰዎች «አሳጥቤ አመጣላችኋለሁ» ብያቸው ነበር። ከልቤ ነበር ያልኩት። ከዚያ ኮሮና መጣ፣ ጦርነት መጣ፣ እኛም ልጅ ወለድን፤ ፎቶዎቹ ኮምፒዩተሬ ውስጥ አምስት ዓመት ሊሞላቸው ሆነ። በ2016 ኅዳር የዓመት ፈቃድ ስወጣ መጀመሪያ ፒያሳ ሄጄ አሥራ አንዱን መርጬ አሳጠብኩ። አራቱ የድሬ፣ ሰባቱ የሐረር። በሁለት ካርቶን መሐል አድርጌ በፌስታል ጠቀለልኳቸው፤ ከካሜራው ቀድመው ቦርሳዬ ውስጥ የገቡት እነሱ ናቸው።

ሥራዬ ሒሳብ ነው። ፎቶ የማነሳው በእረፍት ቀኔ፣ ለፍቅሩ ብዬ ነው። ካሜራዬ ያገለገለ ካኖን ሲሆን ሌንሶቼም ሁለት ናቸው፦ ከካሜራው ጋር የመጣው 18-55 ሚሊ ሜትር እና ከሁሉም የምወደው፣ «ሃምሳው» የምለው ባለ 50 ሚሊ ሜትሩ።

ኅዳር 14፣ አርብ፦ በባቡር ወደ ድሬ

ለቡ ጣቢያ የደረስኩት ገና ሳይነጋ ነው። ፍተሻው ጋ ቦርሳዬን ሳነሳ የትከሻ ማሰሪያው ከስፌቱ ላይ ተተረተረ። በመርፌ ቁልፍ ያዝኩትና ገባሁ።

የባቡሩ መስኮት አይከፈትም። በመስታወት ውስጥ ማንሳት ደግሞ የራስን ፊትና የወንበሩን ነጸብራቅ ማንሳት ነው። ባለቤቴ ያዋሰችኝን ጥቁር ሻሽ ሌንሱ ዙሪያ ጠቅልዬ መስታወቱ ላይ ለጠፍኩት፤ ነጸብራቁ ጠፋ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ልጃቸው ድሬ ወልዳ አራስ ሊጠይቁ የሚሄዱ ነበሩ። በትልቅ ላስቲክ ዳቦ ቆሎ ይዘዋል። «ልጄ፣ መስኮቱን ምን እያደረግኸው ነው?» አሉኝ። በካሜራው ጀርባ ሳሳያቸው ሳቁና ዳቦ ቆሎውን እጄ ላይ ዘረገፉት።

መተሐራ ስንደርስ የበሰቃ ሐይቅ በመስኮቱ በኩል መጣ። ሐይቁ ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ መሬቱን ሲውጥ የኖረ ነው። ከበስተጀርባው ፈንታሌ ተራራ፣ ከፊት ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ መሐል ላይ ብርማ ውኃ። ባቡሩ አይቆምምና ሃያ ያህል አነሳሁ፤ ለመያዝ የበቃችው አንዷ ናት። ከዚያ በኋላ ቁጥቋጦና ሙቀት ነው፤ ተኛሁ።

ድሬ ከአዲስ አበባ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከባቡሩ ስወርድ ጃኬቴ ወዲያው ሸክም ሆነ። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ ከሦስት ሰዎች ጋር ባጃጅ ተጋርተን ከዚራ የሚባለው ሰፈር ገባን። ማታ እንቁላልና ማር የገባበት ፈቲራ በላሁ፤ ሊጡን አየር ላይ እያሽከረከረ እንደ ነጠላ የሚያሳሳውን ልጅ በሃምሳው አነሳሁት። ሊጡ ከመሳሳቱ የተነሳ በስተጀርባው ያለው አምፖል ይታያል።

ኅዳር 15፣ ቅዳሜ፦ ድሬዳዋ

ከጠዋቱ 12:30 ጀምሮ እግሬ መንገድ ላይ ነበር። እዚህ አገር ከረፋዱ 3 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ አናት ላይ ትወጣና ፊት ሁሉ ጥላ ይሆናል። ከዚራ በጠዋት ሌላ ናት፦ ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ ዝቅ ያሉ የፈረንሳይ ዘመን ቤቶች፣ ከላይ የተገናኙ ዛፎች። እኛ አዲስ አበባ «የድሬዳዋ ዛፍ» የምንለው በኅዳር አበባ የለውም። ረጃጅም ጥቁር ፍሬው ብቻ እንደ ሰይፍ ተንጠልጥሏል፤ ከነፋሱ ጋር ይንሿሿል።

የድሮው ባቡር ጣቢያ የከተማዋ እትብት ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው በፈረንጆቹ 1902 መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲደርስ ነበር፤ ነገር ግን ባቡሩን ያንን ገደል ማስወጣት ከባድና ውድ ሆነ። ስለዚህ ከተራራው ግርጌ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ በመጀመሪያም «አዲስ ሐረር» ተባለ። አዲስ አበባ እስኪደርስ ደግሞ እስከ ፈረንጆቹ 1917 መጠበቅ ነበረበት።

በ2011 ያነሳኋቸው የምድር ባቡር ጡረተኛ ዛሬም ከጣቢያው ፊት ለፊት፣ ያው ጥላ ሥር፣ ሽርጣቸውን አገልድመው ተቀምጠዋል። ፎቶውን ስሰጣቸው መነጽራቸውን አወጡ። ፊታቸውን አላዩም፤ ከኋላቸው በር ላይ የቆመውን ባቡር ነው ያዩት። «ይኼ ያኔ ቀለሙ ደህና ነበር» አሉ፤ ከዚያ በፈረንሳይኛ አንድ ነገር ተናገሩና ዝም አሉ። አስፈቅደንና ትንሽ ከፍለን አብረውኝ ወደ ጋራዡ ገቡ። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ብቻ ነው፤ ቆመው ሲለኩልኝ አንድ እግራቸው በአንዱ ብረት፣ ሌላው በሌላው ላይ ነበር። ትልልቅ የብረት መቁረጫ ማሽኖች በዘይት ታሽተው እስካሁን አሉ። ብርሃኑ ከጣሪያው ቀዳዳ በዘንግ በዘንግ ይወርዳል። አንድ ሰዓት ሙሉ እዚያ ቆየሁ፤ ከጉዞው ሁሉ የምኮራባቸው ፎቶዎች ግማሹ የዚያ ሰዓት ናቸው።

ቀፊራ ገበያ ስሄድ ደቻቱን ተሻገርኩ። አሸዋ ብቻ ነው፣ ፍየሎች ይሄዱበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ይኸው ደረቅ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው መውሰዱን አሸዋውን አይቶ ማመን ይቸግራል። ድልድዩ ላይ ሆኜ ላነሳው ፈለግሁና ተውኩት፤ ምን ባነሳ ያንን ሌሊት እንደሚናገር አልገባኝም።

ቀፊራ በር ላይ ጁስ የምትሸጠዋን ሴትዮ አገኘኋት። «እንደምን አደሩ» ብዬ ብጀምር፦

«አቦ፣ አንቱ አትበለኝ! ድሬ ነው ያለኸው» አለችኝ።

ፎቶውን ሰጠኋት። ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ጮኸች። ራሷን አይደለም ያየችው። ከትከሻዋ በላይ ያለውን የዋጋ ሰሌዳ ነው፦ ማንጎ 20 ብር። ያን ዕለት 60 ነበር። ፎቶውን ይዛ ጎረቤት ላሉት ቅመም ሻጮች፣ ከዚያ ለባጃጅ ሾፌሮቹ እያሳየች ዞረች። «እዩት፣ ሃያ ብር! እኔው ነኝ የጻፍኩት!» እያለች። የጠጣሁትን ሁለት ብርጭቆ አላስከፈለችኝም፤ ብለምናትም እምቢ አለች።

የቀሩት ሁለቱ የድሬ ፎቶዎች፦ አንዱ ልጅ ጎርምሶ ድምፁ ተቀይሯል፤ ፎቶው ላይ ያደረገውን ጫማ ከማን እንደወረሰው ነገረኝ። ባጃጅ ሾፌሩን ግን አላገኘሁትም፤ ሥራ ፍለጋ ጅቡቲ ሄደ አሉኝ። ፎቶውን ለእናቱ እንዲያደርስ ለጓደኛው ሰጠሁ።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት፦ ደንገጎ፣ ሐረማያ፣ አወዳይ

ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪነሳ የቆምነው ጉዞውን ያክላል። ደንገጎ ዳገት ላይ ጎማ ፈነዳ። ተሳፋሪው ተነጫነጨ፤ እኔ ግን ካሜራዬን ይዤ ወረድኩ። ድሬ ከታች፣ በአቧራና በሙቀት ጉም ውስጥ፣ እንደ ተበተነ ጤፍ ትታያለች። መንገዱ እየተጠማዘዘ የመጣንበትን ሁሉ ያሳያል። ባቡሩ ለምን ይህን እንዳልወጣ ለመረዳት እዚያ መቆም ይበቃል። ረዳቱ ክሪክ ፈልጎ ከሌላ መኪና እስኪዋስ ሃያ አምስት ደቂቃ አገኘሁ።

ዳገቱ ሲያልቅ አየሩ ተቀየረ፤ ጃኬቴን መልሼ ለበስኩ። ሐረማያን ባለፈው ስመጣ ሣር የበቀለበት ሜዳ አድርጌ ነው የማስታውሰው። ሐይቁ ደርቆ «ነበር» ተብሎ የተወራለት ነው። አሁን ውኃ አለ፣ ወፍም አለ። ሚኒባሱ ስለማይቆም በመስኮት በኩል አንዲት የደበዘዘች ፎቶ ብቻ ይዣለሁ፤ ብትደበዝዝም አልሰረዝኳትም። አወዳይ ላይ የጫት ገበያው መንገዱን ዘግቶት ስለነበር በሰው መሐል በእርምጃ አለፍን።

ያደርኩት በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ በአንድ ቤተሰብ የሐረሪ ቤት ነው፤ ከነቁርሱ 800 ብር። የሐረሪ ቤት ከውጭ ነጭ ግድግዳና አንድ በር ነው፤ ሀብቱ ያለው ውስጥ ነው። ትልቁ ክፍል ደረጃ ደረጃ ያላቸው መቀመጫዎች አሉት፤ ነደባ ይባላሉ። ማን የት እንደሚቀመጥ በዕድሜና በክብር የተወሰነ ነው። መደቡ በቀይ አፈር የተቀባ ሲሆን፣ አከራይዋ ቀዩ በጨለንቆ የፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይባላል አሉኝ። የጨለንቆ ጦርነት በፈረንጆቹ ጥር 1887 ነው፤ ሐረር ለምኒልክ ጦር የወደቀችው በዚያ ነው። እኔ ከሸዋ ወገን የመጣሁ ሰው እዚያ መደብ ላይ ጫማዬን አውልቄ ተቀምጬ ሆጃ የሚባለውን የሐረሪ መጠጥ ስጠጣ፣ ስለዚያ ጦርነት ትምህርት ቤት የተማርኩት ምን ያህል አጭር እንደነበር አሰብኩ።

ግድግዳው ላይ ስፌትና የእንጨት ሳህን እስከ ጣሪያ ድረስ ተደርድሯል። ለማንሳት ስጠይቅ ፈቀዱልኝ፤ አንዷን ብቻ «ይቺን ተዋት፣ የእናቴ ናት» አሉ። ትራይፖድ አልያዝኩምና ካሜራውን መደቡ ላይ አስደግፌ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ በአንድ ስምንተኛ ሰከንድ አነሳሁ። የእናታቸውን ስፌት ከፎቶው ውጭ ለማድረግ አንግሉን አራት ጊዜ ቀየርኩ።

ኅዳር 16፣ እሁድ፦ ጀጎል

የግንቡን ዙሪያ በጠዋት በእግር ጀመርኩ። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ይህ ግንብ ርዝመቱ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥንታዊ በሮቹም አምስት ናቸው። በውስጡ 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ መቃብሮች አሉ፤ በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። ግንቡ ሥር ጅቦች በሌሊት የሚገቡበትና የሚወጡበት ቀዳዳ አለ፤ ሐረሪዎች ዋራባ ኑዱል ይሉታል። አንዱ ፊት ተንበርክኬ ሳነሳ ልጆች ከበቡኝና «አሁን ተኝተዋል» አሉኝ።

ከዚያ ወደ መተላለፊያዎቹ ገባሁ። አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ ግድግዳዎች፤ ከሁለት ክንድ የማይሰፋ መንገድ። እዚህ ፎቶ ማንሳት ቀላል ይመስላል፤ ቀለሙ ራሱ ይጠራል። ያን ቀን ግን ስህተት ሠራሁ። አንዲት አሮጊት ብርቱካንማ ሻሽ ለብሰው በሰማያዊ ግድግዳ ፊት ሲያልፉ ሳላስፈቅድ አነሳኋቸው። ቆሙ። ምንም አልተቆጡም፤ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ጠበቁኝ። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ፎቶውን እያዩ ሰረዝኩት። «አላህ ይስጥህ» ብለውኝ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ፣ ሰላምታ ሳልሰጥ ላለማውጣት ወሰንኩ። ያገኘሁት ፎቶ ቁጥሩ ቀነሰ፤ ግን ሰዎቹ ወደ እኔ እያዩ ነው ያሉት።

በፈረንሳዊው ገጣሚ በራምቦ ስም የሚጠራው ቤት መግባት ለኔ ግዴታ ነበር። ቤቱ አንድ የሕንድ ነጋዴ ያሠራው፣ ባለ ቅርጽ እንጨትና ባለ ቀለም መስታወት ሕንፃ ነው፤ ራምቦ በዚህ ቤት ኖረ የሚለውን ብዙዎች አይቀበሉትም። በከተማዋ መኖሩ ግን እርግጥ ነው። ገጣሚው ግጥሙን ትቶ በፈረንጆቹ 1880 መጨረሻ የቡናና የቆዳ ንግድ ቤት ተቀጥሮ ሐረር መጣ፤ ከተማዋ ያኔ በግብፆች እጅ ነበረች። ካሜራም አስመጣ። በሜይ 6 ቀን 1883 ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ራሱ ያነሳቸውን የራሱን ፎቶዎች ላከ፦ አንዱ የቤቱ ሰገነት ላይ፣ አንዱ የቡና አትክልት ውስጥ፣ አንዱ በሙዝ ተክል መሐል እጁን አጣምሮ። ፎቶዎቹ የነጡት ያጠበበት ውኃ መጥፎ ስለነበረ መሆኑንም ነገራቸው።

እኛ እስከ ዛሬ «ፎቶ ማሳጠብ» የምንለው ነገር ለእሱ ቃል በቃል ማጠብ ነበር፤ በሐረር ውኃ። ፎቅ ላይ በተሰቀሉት የድሮ የሐረር ፎቶዎች ፊት ብዙ ቆየሁ። ገበያው፣ በሮቹ፣ ጀጎል ከሩቅ። ጠዋት ከቆምኩበት ቦታ የተነሳ አንድ የበር ፎቶ አገኘሁ። ያው ግንብ፣ ያው የመንገድ ቁልቁለት፣ የማላውቃቸው ሰዎች።

ከሰዓት መኪና ግርግር ሄድኩ። መንገዱ ስሙን ያገኘው ግራና ቀኝ ከተደረደሩት የልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። ጨርቅ ከሱቁ ትገዛለህ፣ በር ላይ ለተቀመጠው ልብስ ሰፊ ትሰጣለህ፣ ሻይህን ሳትጨርስ ይደርሳል። ከሰባቱ ፎቶዎች ከሁሉ ያስጨነቀኝ የአንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ነበር። ቦታው ባዶ ነው። ጎረቤቱ «ለቅሶ ጅጅጋ ሄዷል፣ ማክሰኞ ይመጣል» አለኝ። ሌሎቹን ስድስቱን በዚያን ቀን አደረስኩ፤ ሦስቱን ለባለቤቶቹ፣ ሦስቱን ለዘመዶች።

ማታ ከግንቡ ውጭ የጅብ መጋቢው ጋ ሄድን። ጨረቃዋ ልትሞላ አንድ ቀን የቀራት ነበረች። ፍላሽ መጠቀም አልፈለግሁም፤ የካሜራውን የብርሃን መቀበያ ልክ (አይኤስኦ) 6400 አድርጌ የባጃጁን መብራትና ጨረቃዋን ተማመንኩ። ሰውየው ሥጋውን በዱላ ጫፍ አድርጎ ዱላውን በጥርሱ ነክሶ ይይዛል፤ ጅቧ በዝግታ ትመጣና ከፊቱ ትቀበለዋለች። በቅርብ የሚሰማው የጥርስ ድምፅ ሳይሆን ትንፋሽ ነው። ከአርባው ፎቶ ሰላሳ ስምንቱ ተንቀጥቅጠዋል። በአንዷ ግን የጅቧ ጆሮ ላይ ያለው ፀጉር አንድ በአንድ ይታያል፤ ከኋላዋ ግንቡ ነጭ ሆኖ ቆሟል።

ኅዳር 17፣ ሰኞ፦ ባቢሌ

በጅጅጋው መንገድ ባቢሌ ሄድኩ። ከከተማዋ አለፍ ብሎ ያለው የዳካታ ሸለቆ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተቆለለበት ነው፤ በጣት ቢገፉት የሚወድቅ የሚመስል ቋጥኝ ስንት ዘመን ቆሟል። ግመሎች ከሥሩ ያልፋሉ። 140 ያህል ፎቶ አነሳሁ። ሐረር ተመልሼ ስከፍተው ካሜራው «ሜሞሪው ፎርማት ይደረግ» አለ። አውጥቼ አስገባሁ፣ አጠፋሁና አበራሁ፤ ያው ነው። ካርዱን ሳልነካው ወረቀት ውስጥ ጠቀለልኩት። አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ አንድ ባለሙያ 23ቱን አወጣልኝ፤ ብዙዎቹ ግማሻቸው ግራጫ ነው። በዚያች ማታ ግን የነጣ ፎቶውን ለቤተሰቡ የላከውን ራምቦን አስታውሼ የባቢሌን ኦቾሎኒ እየፈለፈልኩ አመሸሁ።

ኅዳር 18፣ ማክሰኞ፦ ሐኪም ተራራና መኪና ግርግር

ሳይነጋ በባጃጅ ወደ ሐኪም ተራራ ወጣሁ። ከተማዋ ከዚያ በስተሰሜን ሙሉ ትታያለች። በኅዳር ፀሐይዋ ከጀርባና ከቀኝ ስለምትመጣ ብርሃኑ ግንቡን በጎን ይዳስሰዋል። መጀመሪያ የጃሚዕ መስጊድ ሁለት ነጭ ሚናሮች ብርሃን ያዙ፣ ቀጥሎ ጣሪያዎቹ፣ በመጨረሻ መተላለፊያዎቹ። ጭሱ ከየቤቱ ሲነሳ ጀጎል አንድ ቤት ይመስላል። አሥር ደቂቃ ነው የቆየው። በትርፍ ሜሞሪዬ ዘጠኝ ፎቶ ብቻ አነሳሁ፤ በቂ ነበር።

ረፋድ ላይ ልብስ ሰፊውን ቦታው ላይ አገኘሁት። ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ነጥቷል። ስለ ለቅሶው አጽናናሁት። ማን እንደሆንኩ አላስታወሰም፤ ፎቶውን እጁ ላይ አደረግኩለት።

«ማሽኗ!» አለ።

ፎቶው ላይ በእግር የምትረገጥ ጥቁር ሲንጀር አለች፣ አንገቷ ላይ ወርቃማ ሐረግ ያላት። ያኔ ሳነሳው ትኩረት ያደረግኩት ፊቱ ላይ ስለነበር ማሽኗ በግማሽ ደብዝዛለች። እሱ ግን ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ያለችውን ጭረት በጥፍሩ ነካ። «ክንድ የምለካባት ነበረች፤ ከዚህ እስከዚህ ግማሽ ክንድ። አባቴ ነው የጫረው።» በ2013 ሸጧት ነበር፣ ለልጁ ሕክምና። ልጁ ድናለች። አሁን የሚሠራበት ማሽን አዲስ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ጭረት የለም፤ በሜትር ነው የሚለካው።

ሊከፍለኝ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ እምቢ አልኩ። ዙሪያዬን ሲያይ በመርፌ ቁልፍ የተያዘው የቦርሳዬ ማሰሪያ ላይ ዓይኑ ወደቀ። ሳይጠይቀኝ አወለቀው። ማሽኑ ላይ ያለው ክር ቀይ ነበር፣ አልቀየረውም፤ አራት መስመር ደርቦ ሰፋውና ሁለት ጊዜ ጎትቶ ሞከረው።

ፎቶውን ከበላዩ ባለው ሚስማር ላይ፣ ከልኬት ደብተሩ ጎን ሰቀለ። ከዚያ «አሁን ደግሞ ከዚህች ጋር አንሳኝ» አለ። «ቆይ ግን» ብሎ ከጉልበቱ ላይ ቁራጭ ጨርቅ አነሳና የማሽኗን አንገት ወለወለ፤ እኔም ሃምሳውን ገጠምኩ።